የላሜራ በር ላይ የቁጥር ቁልፍ የገጠመ ሰው አለ?

መምህሩ ከማርቆስ
ሚያዝያ 18፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ቤት ውስጥ አምስት ነን፣ ቁልፉ ሦስት ነው። አሁን እንዲያውም ሁለት ሆኗል። ታናሽ ወንድሜ አንዱን ባጃጅ ውስጥ ጥሎት መጣ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ጎረቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ናት። አቦሉም ቶናውም በረካውም አልቆ ሁለተኛ ጀበና ተጥዷል። "ቁልፍ የያዘ ሰው እስኪመጣ ምን እናድርግ?" አለችኝ። ሳቅሁ፤ ውስጤን ግን ቆረጠኝ።

ሌላም ጣጣ አለ። ሁለት ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራያለሁ፤ የሚገቡት በዚሁ በፊት በር ነው። ሲለቁ ቁልፉን ይመልሳሉ። ስንት ኮፒ እንዳስቀረጹ ግን እግዜር ይወቀው። ስለዚህ በየዓመቱ ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፉ ተሰክቶ የሚዞርበትን ክፍል፣ እቀይራለሁ። ሰለቸኝ።

ቁጥር ተነክቶ የሚከፈተውን ቁልፍ ልገጥም አስቤያለሁ። በሩ የላሜራ ነው፣ እዚሁ ብየዳ ቤት የተሠራ። መብራት ሲጠፋ እንዴት ይሆናል? የእኛን ክረምትስ ይችላል? እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስልክ ላይ ግን ቁጥር ትለያለች። አዲስ አበባ የሚመላለስ የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ ሊያመጣልኝ ፈቃደኛ ነው። ምን ብዬ ልላከው?


በያጁ፣ ባሕር ዳር
ሚያዝያ 18፣ ከምሽቱ 4:05

መምህር፣ እንደምን አመሹ። በር ስበይድ ነው ያረጀሁት። ቁልፉን ለጊዜው ይርሱትና በሩን ይንገሩኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቁልፉን ገዝቶ ይመጣና "ጋሼ፣ ይችን አስገቡልኝ" ይለኛል። እኔ ደግሞ አልገባ ሲለኝ በሩን መብላት እጀምራለሁ።

ሜትር ይያዙና የበሩን ውፍረት ይለኩ። ቀጥሎ አሁን ያለው ቁልፍ የተቀበረበትን ቋሚ ቱቦላሬ፣ ያንን ውስጡ ባዶ የሆነ የበሩን ብረት፣ ስፋት ይለኩ። ቀጥሎ ከእጀታው መሐል እስከ ሲሊንደሩ መሐል፣ ቁልቁል። 85 ሚሊ ከሆነ መልካም ነው፤ ከውጭ ከሚገባው ብዙው በዚያ ልክ የተሠራ ነው። በመጨረሻ ከበሩ ጠርዝ እስከ ሲሊንደሩ መሐል፣ ወደ ጎን። ጣጣው ያለው እዚህች ላይ ነው። ለእንጨት በር የተሠራው ቁልፍ እዚህ ላይ 50 ወይም 60 ሚሊ ይፈልጋል። ቱቦላሬዎ ደግሞ በአጠቃላይ 40 ሚሊ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። እንዴት ብሎ ይገባል?

ስለዚህ ለላሜራ በር ሦስት መንገድ አለ። ለአሉሚኒየም በር ተብሎ የተሠራ ቀጭን ቁልፍ አለ፤ እሱ ጠባብ ቱቦላሬ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ምንም ሳይቀበር ከበሩ በስተውስጥ ላዩ ላይ የሚታሰር ነው። ከውጭ የቁጥር ሰሌዳው ብቻ ይታያል፤ ሁለቱ በአንዲት ቀዳዳ በሽቦ ይገናኛሉ። ሦስተኛው ቱቦላሬውን ቆርጦ፣ ሳጥን በይዶ፣ ትልቁን ቁልፍ መቅበር ነው። ሦስተኛውን አልመክርም። ብር ለበያጅ ማብዛት ነው፤ በያጅ ሆኜ ስነግርዎት ይመኑኝ።

አሁን ሄደው በሩን ቆልፈው ይክፈቱት። ሲቆልፉ በእጀታው ወደ ላይ ቀና ያደርጉታል? በጉልበትዎ ገፋ ያደርጉታል? ካደረጉ በሩ ወርዷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ማጠፊያው ይስተካከል። የሰው እጅ ለምዶ ቀና ያደርጋል። ሞተር ግን አይለምድም። ምላሱ ብረት ሲነካበት ይታገላል፣ ድንጋዩን ይጨርሳል፣ አንድ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።


የሞጣው ልጅ
ሚያዝያ 19፣ ከጠዋቱ 1:30

ኧረ ተዉን እናንተ! የአባቴ ቤት በር የዋንዛ ሳንቃ ነው። ከውስጥ መቀርቀሪያ፣ ከውጭ ጋን ቁልፍ። መክፈቻው ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ነው የሚውለው። በዕድሜው አንድ ቀን "ባትሪዬ አለቀ" ብሎ አያውቅም።

ደግሞስ ቁጥር ሚስጥር ይሆናል? ጠዋት ለልጅ የነገርከውን ኮድ ማታ ሰፈሩ ያውቀዋል።


ቡሬ ነኝ
ሚያዝያ 19፣ ከጠዋቱ 3:15

ወንድምዓለም፣ ለአባባ አንገት ዕድሜ ይስጥልን። የመምህሩ ቤት ግን አምስት አንገትና ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። ሰፈር ያወቀው ኮድ በደቂቃ ይቀየራል፤ ባጃጅ ውስጥ የቀረውን ቁልፍ ምን ታደርገዋለህ?

መምህር፣ ስለ እናታችን አንድ ነገር ልበል። የጣት አሻራ ያለውን ካልገዛሁ ብለው እንዳይታለሉ። እኔ ለእናቴ ብዬ ገዛሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስታርም፣ ስትፈትል፣ እንጨት ስትሸከም የኖረች እጅ ናት። አሻራዋ አልቋል። ማሽኑ አስር ጊዜ "ድጋሚ" አላት። "እኔን ሰው አይደለሽም እያለኝ ነው?" ብላ ተቀየመች። ቁጥሩ ግን ወዲያው ሠራላት።

ቁጥሩም ቢሆን የሚጫን፣ ሲጫኑት ቃ የሚል ይሁን። መስታወት መሳዩ ሲያዩት ያምራል። እጅ ላይ ሊጥ ካለ፣ ውኃ ካለ፣ ጓንት ካለ ግን አይሰማም። ወይ ደግሞ ያልነካችሁትን ሰማሁ ይላል።


ከዴንቨር
ሚያዝያ 19፣ ከቀኑ 9:50

መምህር፣ የማርቆስ ልጅ ነኝ። እዚህ እኔ ቤት ላይ የቁጥር ቁልፍ ገጥሜ ዓመታት ሆነኝ፤ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ሰኔ ላይ የሚመጣ ሰው አለ፤ አንዱን ላስይዝልዎት? እንደ ስጦታ ይቁጠሩት። ገጠማውም ቀላል ነው፤ በካቻቪቴ ብቻ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም።


በያጁ፣ ባሕር ዳር
ሚያዝያ 19፣ ከምሽቱ 1:20

ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ግን አትላክ። የአሜሪካኑን ቁልፍ አውቀዋለሁ፣ በሻንጣ የመጣ ስንቱን አይቻለሁ። የበሩ ፊት ላይ 54 ሚሊ ክብ ቀዳዳ ይፈልጋል። ከበሩ ጠርዝ እስከ ቀዳዳው መሐል 60 ወይም 70 ሚሊ ነው። በጠርዙ በኩል ደግሞ 25 ሚሊ ቀዳዳ። አንተ በግማሽ ሰዓት የገጠምከው እነዚያ ቀዳዳዎች በርህ ላይ ቀድመው ስለነበሩ ነው። በሩም ሙሉ ሳንቃ ነው። የእኛ በር ቱቦላሬና ስስ ላሜራ ነው። 70 ሚሊ ወደ ውስጥ ስትገባ ከቱቦላሬው አልፈህ ላሜራው ላይ ነው የምታርፍ። ምን ላይ ይታሰራል?


ከዴንቨር
ሚያዝያ 19፣ ከምሽቱ 2:00

ገባኝ ጋሼ። እንግዲያው የድንጋዩን ወጪ እኔ እችላለሁ 😄


የፍኖተ ሰላም ኤሌክትሪሺያን
ሚያዝያ 20፣ ከቀኑ 7:10

መብራት ሲጠፋ ለሚለው ጥያቄ ማንም አልመለሰም፣ እኔ ልመልስ። የቤት የቁጥር ቁልፍ የግድግዳ መብራት አይፈልግም። በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ብዙዎቹ ቀጭኗን፣ ዳብል ኤ የምትባለዋን፣ አራት ይወስዳሉ። ጥሩ ድንጋይ ከሆነ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይሄዳል። በቀን ስንቴ እንደሚከፈት ይወስነዋል፤ አምስት ሰውና ተከራይ ያለበት ቤት ወደ ስድስት ወሩ ይጠጋል።

ጥሩ ድንጋይ ያልኩት ለማለት ያህል አይደለም። ጎኗን አዙራችሁ አንብቡ። ኤል አር 6 የሚል ካለባት አልካላይን ናት። ኤሏ ጠፍታ አር 6 ብቻ ከሆነች ዚንክ ካርቦን ናት። ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ትሆናለች። ሞተር የሚያዞር ቁልፍ ግን አትችልም። ስታልቅ ደግሞ ታነባለች፤ ውኃዋ የቁልፉን መዳብ ይበላዋል። ተሞይዋም አትመከርም። አንዷ 1.2 ቮልት ናት፣ አራቱ ሲደመሩ 4.8። ብዙ ቁልፍ "ድንጋዬ ደክሟል" ብሎ መጮህ የሚጀምረው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሞልተሃት ዛሬ ይጮሃል። ወይ ጨርሶ ሳያስጠነቅቅ ይሞታል። በራሱ ሊትየም ባትሪ የሚሠራና በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ቁልፍም አለ፤ እሱ ሌላ ነው።

ድንጋዩ ጭራሽ ቢያልቅስ? ከሰሌዳው በታች እዩት። ወይ ሁለት የመዳብ ነጥብ አለ፤ አራት ማዕዘኗን የ9 ቮልት ባትሪ፣ በእኛ ቴስተር ውስጥ ያለችውን፣ ታስነካላችሁ። ወይ የስልክ ቻርጀር ቀዳዳ አለው፤ በፓወር ባንክ ይነቃል። ይህ በሩን አይከፍተውም፣ ሰሌዳውን ነው የሚያነቃው፤ ኮዱን ከዚያ በኋላ ታስገባላችሁ። ሌባ 9 ቮልት ይዞ ቢመጣ ምንም አያገኝም። ይህ የሌለውንና በተራ ቁልፍ የማይከፈተውን በጭራሽ አትግዙ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላቁም። ሱቅ ሄዳችሁ "የኤሌክትሪክ ቁልፍ" ስትሉ ማግኔቱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ በሩን በማግኔት አጣብቆ የሚይዝ ነው። ጉልበቱ ኃይለኛ ነው፣ ያሳምናል። መብራት ሲጠፋ ግን ይለቃል። ብልሽት እንዳይመስላችሁ። እሳት ቢነሳ ሰው ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር ሆን ተብሎ እንደዚያ የተሠራ ነው። ለመሥሪያ ቤት ጥሩ ነው። የቤት በር ላይ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ቤታችሁ ክፍት ያድራል። መጠባበቂያ ባትሪ ይደረግለታል፤ ባትሪው ሲያልቅ ያው ነው።


የሞጣው ልጅ
ሚያዝያ 20፣ ከቀኑ 8:00

ይኸው! መብራት ሲጠፋ የሚከፈት ቁልፍ! መቀርቀሪያዬን አትንኩብኝ።


መምህሩ ከማርቆስ
ሚያዝያ 21፣ ከምሽቱ 1:45

ጋሼ፣ ለካሁት። ውፍረቱ 40፣ ቱቦላሬው 40፣ ከእጀታ እስከ ሲሊንደር 85፣ ከጠርዝ እስከ ሲሊንደር 25። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈት፣ ማጠፊያው ከውጭ ሲታይ በግራ ነው።

ስቆልፍ ቀና አደርገዋለሁ ወይ ላሉኝ፣ አላደርግም ብዬ ልጽፍልዎት ነበር። ከዚያ ሄጄ ሳየው ለካ በእግሬ ከታች እያነሳሁት ኖሯል። ሁልጊዜ። ሳላውቀው።


በያጁ፣ ባሕር ዳር
ሚያዝያ 21፣ ከምሽቱ 3:30

አላልኩዎትም? ማጠፊያውን መጀመሪያ።

በዚህ ልክ ቀጭኑም ይገባል። እኔ ብሆን ግን ላዩ ላይ የሚታሰረውን እይዝ ነበር። አሁን ያለውን ሲሊንደር ሳይነኩት ከእሱ ከፍ አድርገው ይገጥሙታል። የቁጥሩ ቢበላሽ አሮጌው አለ፤ ራቅ ብለው ሲሄዱ ሁለቱንም ይቆልፋሉ። ሲልኩ "ማጠፊያው በግራ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት" ይበሉ። አንዳንዱ ቁልፍ ይገለበጣል፣ አንዳንዱ ለአንድ ወገን ብቻ ነው።

ከውስጥ በእጅ ዞሮ የሚከፈት መሆኑንም ያረጋግጡ። ለመውጣት ኮድ የሚጠይቅ ነገር ቤት ላይ አይገጠምም። ጭስ ባለበት ቁጥር የሚፈልግ ማን ነው?


እንግዳ ተቀባይዋ፣ እንጅባራ
ሚያዝያ 22፣ ከጠዋቱ 4:20

ዝናብ ለሚለው እኔን ጠይቁኝ፤ እንጅባራ ነው ያለሁት፣ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። አራት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አለኝ፣ አራቱም በር ላይ የቁጥር ቁልፍ ነው።

ካርቶኑ ላይ አይ ፒ 65 የሚል ፈልጉ። አቧራ የማያስገባ፣ ከየትም ወገን በሚረጭ ውኃ የማይበገር ማለት ነው። ያም ሆኖ ከላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ አድርጉለት። ሲሊኮን ስትቀቡ ከላይና ከሁለቱ ጎን ብቻ ቀቡ፣ ከታች ክፍት ተዉት። እኔ የመጀመሪያውን ዙሪያውን በደንብ አድርጌ ደፈንኩት፤ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ውስጡ ታቆረና ነሐሴ ላይ ሞተ። ያስተማረኝ እሱ ነው።

ግን ከዝናቡ ይልቅ ያዋረደኝ ሰዓቱ ነው። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ኃጢአት ነው። ጊዜ ያለው ኮድ መስጠት ይቻላል፤ እንግዳው ከገባበት እስከሚወጣበት ብቻ የሚሠራ። ጥር 23 የፈረስ በዓላችን ነው፣ ከየቦታው ሰው ይመጣል፣ ክፍሎቹ ይሞላሉ። ለአንድ እንግዳ "ከቀኑ 8 ሰዓት ገብተው በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ይወጣሉ" አልኩት። ቁልፉም ላይ 8 እና 4 ብዬ ሞላሁት። ቁልፉ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው! የፈረንጅ 4 ሰዓት ደግሞ የእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሰውዬው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ወጣ። ተመልሶ ኮዱን ቢነካ፣ ቀይ። ቢነካ፣ ቀይ። በጥር፣ በእንጅባራ ብርድ፣ በቁምጣ። በሬን ሲደበድብ ፈረስ የገባብኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን 14 እና 10 ብዬ ነው የምሞላው። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥር 23 በእነሱ ጃንዋሪ 31 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ፌብሩዋሪ 1 ይሆናል። ድንጋይ ስትቀይሩም ኮዶቹ በአብዛኛው አይጠፉም፤ ሰዓቱን ግን እዩት፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።


ቡሬ ነኝ
ሚያዝያ 22፣ ከጠዋቱ 4:50

በቁምጣ! 😂 እታለም፣ ገንዘቡን መለስሽለት?


እንግዳ ተቀባይዋ፣ እንጅባራ
ሚያዝያ 22፣ ከጠዋቱ 5:05

መለስኩለት እንጂ። ቁርስም ጨመርኩ። በዓመቱ ተመልሶ መጣ፣ ግን ተራ ቁልፍ ያለው ክፍል ስጪኝ አለ።


ሒሳብ ወዳጁ፣ ዳንግላ
ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 2:15

ኮዱ ላይ ማንም አልተናገረም። አራት አሃዝ ከሆነ 10,000 ዓይነት ኮድ ይወጣል። ስድስት አሃዝ ከሆነ አንድ ሚሊዮን። ጥሩ ይመስላል። ግን ቁጥሮቹ ሲነካኩ ይለሰልሳሉ፣ ይቆሽሻሉ። አራት የለሰለሱ ቁጥሮች ያየ ሰው የቀረው 24 ሙከራ ብቻ ነው። የሚገርማችሁ፣ አንዱን ቁጥር ደግማችሁ በሦስት ቁጥር ብቻ አራት አሃዝ ብትሠሩ 36 ይሆንበታል። ማለትም ያነሰ ቁጥር የነካ ኮድ ለሌባ የበለጠ ይከብዳል። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ እኔም አላመንኩም ነበር።

ደግነቱ ቁልፉ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ከተሳሳቱበት ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋል። ብዙዎቹ ደግሞ ከኮዱ በፊትና በኋላ የመጣላችሁን ቁጥር እንድትጨምሩ ይፈቅዳሉ፤ ትክክለኛው መሐል ላይ ተከታትሎ እስካለ ይከፈታል። ሰው ከኋላ ቆሞ ሲያይ ይጠቅማል። ሰሌዳውም እኩል ይቆሽሻል።

ያለ ባትሪ የሚሠራ፣ ሙሉ ለሙሉ በሜካኒክ የሆነም አለ። የሞጣው ወንድማችን ደስ ይለው ይሆናል። ግን አብዛኛው የዚህ ዓይነቱ ቁልፍ ቅደም ተከተል አይቆጥርም። 1357 እና 7531 አንድ ናቸው። ከአስር ቁጥር አራት ስትመርጡ 210 ዓይነት ብቻ ነው የሚወጣው። ኮዱን ለመቀየርም ብዙዎቹን ከበሩ መፍታት ያስፈልጋል። ለጓሮ በር ይሆናል፣ ለፊት በር አልመክርም።

የልደት ዓመትና የስልክ መጨረሻ ተዉ። ከፋብሪካ የመጣውን 123456 በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን ያልቀየሩ አውቃለሁ።


የሞጣው ልጅ
ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 2:40

210? የእኔ ጋን ቁልፍ በሁለት ቁልፍ ይከፈታል፣ አንዱ የጎረቤት ነው። እሺ፣ ዝም ብያለሁ።


መምህሩ ከማርቆስ
ግንቦት 25፣ ከምሽቱ 3:00

ተገጠመ! ዘገየሁ፣ ይቅርታ። የፈተና ሰሞን ነው።

ከመርካቶ የመጣው ላዩ ላይ የሚታሰረው ነው፣ የሚጫን ቁጥር ያለው፣ ከታች የቻርጀር ቀዳዳ፣ ሁለት ተራ ቁልፍ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ተለውጦ ይጠብቃችኋል።

ገጠማው ግን ቀን ሙሉ ወሰደ። ማጠፊያው መጀመሪያ ተስተካከለ፤ በዚያ እንኳ በሩ ሌላ በር መሰለ። እዚህ የገጠመልኝ በያጅ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ይቸኩላል። ከካርቶኑ ጋር የመጣውን የወረቀት ልክ ገልብጦ ለጠፈው። ቀዳዳውን ለመብሳት ፑንታውን ሲያስጠጋ "ቆይ፣ ማጠፊያው በየት ነው?" አልኩት። ሁለታችንም ወረቀቱን አየነው። ዝም አለ። ገልብጦ በድጋሚ ለጠፈው።

ላሜራው ስስ ስለሆነ ብሎኑ እንዳይነቅለው ከውስጥ 3 ሚሊ ብረት በየደበት። ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነበር። በሞረድ አለስልሶ የላስቲክ ቀለበት አስገባበት። እሱን በራሱ ነው ያሰበው፣ እኔ አልነገርኩትም። ከዚያ ግን ቁልፉን ካሰረ በኋላ የቁልፉ ምላስ የሚገባበትን ተቀባይ በሩ ፍሬም ላይ ሊበይድ ማሽኑን አስነሳ።


በያጁ፣ ባሕር ዳር
ግንቦት 25፣ ከምሽቱ 3:25

አስቆሙት? አስቆሙት ይበሉኝ!


መምህሩ ከማርቆስ
ግንቦት 25፣ ከምሽቱ 3:40

አላስቆምኩትም ጋሼ፤ መቼ አውቄ። እናቴ ናት ያስቆመችው። "ልጄ፣ ያ አዲሱ ነገር ላይ እሳት እየተረጨ ነው" አለችው። ፈትቶ አስቀምጦ በየደ።


በያጁ፣ ባሕር ዳር
ግንቦት 25፣ ከምሽቱ 4:10

ለእናታችን እጅ ነሥቻለሁ። ለሌሎቻችሁም ልናገር። የብየዳ ማሽን ሲሠራ በበሩ ብረት ውስጥ ብዙ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ቁልፉ እዚያው ታስሮ ካለ ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም። ብየዳው ሁሉ ያልቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ የተበሳው ጠርዝ አንቲረስት ይቀባል፣ የብረቱ ብናኝ በብሩሽና በማግኔት ይለቀማል። ቁልፉ የሚታሰረው በመጨረሻ ነው። ብናኙ ከቀረ ክረምት ሲመጣ ይዝጋል፣ ሞተሩ ውስጥም ይገባል።

ኮዱን በሩ ክፍት ሆኖ ሃያ ጊዜ ሞክሩት። ክፍት ሆኖ ነው የምላችሁ። ዘግቶ የሚሞክር ሰው በመስኮት ነው የሚገባው።


የፍኖተ ሰላም ኤሌክትሪሺያን
ግንቦት 26፣ ከጠዋቱ 2:30

ተራ ቁልፎቹን ደግሞ ከቤት ውጭ አስቀምጡ፤ አንዱን የምታምኑት ጎረቤት ዘንድ። ሁለቱንም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ በሩን የዘጋ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።


መምህሩ ከማርቆስ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 1:30

ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ዝናቡ ገብቷል፣ ቁልፉ ምንም አልሆነ። የቆርቆሮ ጥላ አድርጌለታለሁ፣ ሲሊኮኑን ከታች ክፍት ትቻለሁ። እንጅባራን አመሰግናለሁ።

ተከራዮቹ ሰኔ 30 ለቀቁ። ስልኬን አወጣሁ፣ ኮዳቸውን አጠፋሁ፣ አለቀ። ሲሊንደር የለ፣ ሱቅ የለ። ወንድሜ ባጃጅ ውስጥ የሚጥለው ነገር ስለሌለው ጃንጥላውን ጣለ።

በእናቴ ነበር የተጨነቅሁት። አራት ቁጥር በቃል መያዝ ከበዳት። አንድ ቀን ራሷ ሰሌዳውን ትክ ብላ አየችውና "ይህማ ማማተብ ነው" አለችኝ። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጣቷን አሳረፈች። ይኸው እስከዛሬ አልተሳሳተችም። በሩን ስትከፍት ከንፈሯ "በስመ አብ" ሲል አያለሁ። ለእኔ ካየሁት ሁሉ ያማረኝ ይህ ነው።


ሒሳብ ወዳጁ፣ ዳንግላ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 1:52

መምህር፣ እግዜር ያክብርልን፣ እናታችን ጎበዝ ናቸው። ግን የቤትዎን ኮድ አሁን እዚህ ጻፉት እኮ። 2846።


መምህሩ ከማርቆስ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 1:55

ወይኔ።


ከዴንቨር
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 2:10

እኔ ከዚህ ሆኜ ልከፍተው ነበር 😂


የሞጣው ልጅ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 2:12

"ቁጥር ሚስጥር ይሆናል?" ብዬ ነበር። አልሰማችሁኝም።


መምህሩ ከማርቆስ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 3:20

ቀየርኩት። ያኔውኑ፣ ጽሑፉን እንዳነበብኩ። እናቴ ለካ ጎረቤት ሄዳ ነበር። መጥታ አማተበች፣ ቀይ። ደግማ አማተበች፣ ቀይ። በሩን ስከፍትላት ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። "ምን በድዬው ነው?" አለችኝ።